ግራው ባዶ የቀረ ደብዳቤ

ረቢዓ ስምንት ቀን ሙሉ እርር ድብን ብላ ሰነበተች። ስኳር ስትመዝን ትናደዳለች፣ ሻይ ቅጠል ስትጠቀልል ትናደዳለች። ደንበኛ "ምነው ዛሬ ፊትሽ?" ያላት እንደሆነ "የምሸጠው ሩዝ እንጂ ፊቴን አይደለም፤ ምን ልስጥህ?" ብላ ታሳፍረዋለች። አባቷ ሐጂ ሽኩር እንኳ ከመቁጠሪያቸው ቀና ብለው ሁለት ጊዜ አይተዋታል። የግንቦት ሙቀት ነው ብለው ተዉት። አሰብ በግንቦት ማን የማይነጫነጭ አለ?

ሙቀቱስ ባልከፋ። የሷ እሳት ሌላ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከአሰብ ሰጊር ሰፈር ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ስትሄድ ይልቃል ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር ሲመጣ አየችው። ይልቃል የማርሳ በረዶ ፋብሪካ ቴክኒሻን ነው፤ የብቸና ልጅ፣ ረጅም፣ ሲስቅ መጀመሪያ ዓይኑ የሚስቅ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልቧን የሰጠችው ለእሱ ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እሷ ከስልጢ አገር ወርደው አሰብ ላይ ሱቅ የከፈቱት የሐጂ ሽኩር ልጅ! አሰብ ደግሞ እንደምታውቋት ናት፤ አንዱ ጫፍ ላይ ያስነጠሰውን ሌላው ጫፍ ላይ "ይማርህ" ይሉታል። ስለዚህ በሰው ፊት ላይነጋገሩ ተማምለዋል። መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ በግራ ጎኑ ታልፋለች፤ ቀኝ ጆሮው አይሰማማ! ዝቅ አድርጋ "ደህና ነህ?" ትላለች፤ እሱ በዓይኑ ይመልስላታል። በቃ፣ ያቺ እይታ ለሳምንት ስንቅ ትሆናታለች። ሦስት ዓመት ሲተላለፉ አንድ ቀን አጉድሎባት አያውቅም።

ያን ማክሰኞ እንደ ልማዷ በግራው አለፈች፤ እንዲያውም የሻርቧ ጫፍ ክንዱን ነካው። "ደህና ነህ?" አለች።

ይልቃል ቆም አለ። ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ። ባሕሩን አየ፣ የቆመውን መርከብ አየ፤ እሷን ግን ዞር ብሎ ሳያያት መንገዱን ቀጠለ። ከጓደኞቹ አንዱ በምን እንደሆነ እንጃ ከት ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ረቢዓን ሆዷ ድረስ ወጋት። "በወገኖቹ ፊት አፈረብኝ ማለት ነው" አለች። ቤቷ እስክትደርስ እንባዋንና ላቧን ለይታ አላወቀችውም።

በማግስቱ ደብዳቤ መጣላት። ደብዳቤዎቹ የሚመጡት ከበረዶው ጋር ነው፤ ጋሽ ጫኔ የሚባል የፋብሪካው ጋሪ ነጂ በረዶውን ሰጋቱራ አልብሶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ለሱቁ ሲያመጣ፣ ከጆንያው ሥር በላስቲክ የታሸገች ወረቀት ትኖራለች። ረቢዓ ወረቀቷን ሳትከፍት መልሳ ሰጠችው።

"ለላከህ ሰው ስጠው። አላውቀውም በልልኝ።"

"ኧረ ልጄ፣ ቀስ በይ..."

"አላውቀውም አልኩ እኮ ጋሽ ጫኔ!"

ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ረቢዓ የበረዶው ውሃ በእግሯ ሥር ሲንጠባጠብ እያየች ቆመች። እልኋ ገና ነው፤ ግን ከእልሁ ሥር "ምነው ከፍቼ ባየሁት" የሚል ጸጸት ነበር።

የይልቃልን ጆሮ ነገር ሳልነግራችሁ ወደፊት ብሄድ ያጣላናል። የተዋወቁትም በጆሮው ምክንያት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሱቁን ማቀዝቀዣ ሊጠግን መጥቶ፣ "ውሃ ልስጥህ?" ብትለው ዝም አለ፤ ደግማ ብትለው ዝም አለ። "ይሄ ባለጌ!" ልትል ስትል ዞር ብሎ "ይቅርታ እህቴ፣ በዚህኛው ጆሮ ድገሚልኝ፤ ያኛውን የፋብሪካው ሞተር ጩኸት በልቶታል" አላት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግራ ጎኑ የሷ ቦታ ሆነ።

ሞተሩ ነው ሲባል ዓመታት አለፉ። ኋላ ግን ማዞር መጣ፣ የቀኝ ጉንጩ ደነዘዘ። በዘንድሮው፣ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ አዲስ አበባ ተልኮ ሲመረመር፣ ከጆሮው ነርቭ ላይ የበቀለ ዕጢ ተገኘ። ቀዶ ሐኪሙ አወጣው። ክፉ ዓይነት አይደለም፣ ከሥሩ ተነቅሏል፣ ጆሮው አይመለስም እንጂ ሰውየው ድኗል ተባለ። መጋቢት ላይ ተመልሶ ከአውሮፕላን ሲወርድ ፋብሪካው በሙሉ እልል አለ። ስለ ልጃቸው ልብ የሚያውቁት ነገር የሌላቸው ሐጂ ሽኩር ሳይቀሩ "ያ የበረዶው ልጅ ተረፈ? አልሐምዱሊላህ!" ብለው አንድ ሳጥን ቴምር ላኩለት። ረቢዓ የዚያን ቀን ጓዳ ገብታ በደስታ አልቅሳለች።

ስለዚህ ዳነ በተባለ በሁለት ወሩ መንገድ ላይ ዘጋኝ ብላ ብትነድ ማን ይፈርድባታል?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጫኔ እንደገና መጣ። ሐጂ ሽኩር መስጊድ ነበሩ። ጫኔ በረዶ አልያዘም።

"ደብዳቤ ከሆነ አልቀበልም ብያለሁ" አለችው ቀድማ።

"ደብዳቤ አይደለም። የልጁን መከራ ነው የያዝኩት" አለና ከብብቱ አንድ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት አወጣ። "ይልቃልን ሰካራም ነህ ብለው ከሥራ አገዱት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ ከተማው ሁሉ ካወራው በኋላ ነው እሱ የሰማው። ነገ ጧት የፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ ኮሚቴ ይቀመጣል። ዶክተር ውድነህ 'በሽታ የለበትም' ብሎ ከፈረመ ይባረራል። ከተባረረ ሕክምናም የለው፣ አዲስ አበባ የሚያደርሰው አውሮፕላንም የለው፤ አበቃ።"

"ሰካራም? ይልቃል? ጠላ እንኳ የማይቀምሰው?"

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው! ማን ይስማኝ? ሲንገዳገድ አየነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ግራ ትከሻው በር ይመታል። ፂሙን በቀኝ በኩል ብቻ ተላጭቶ ሥራ ይገባል። ትናንት አብረን ስንበላ ሳህኑ ላይ ካለው በቀኝ በኩል ያለውን በልቶ 'አነሰኝ' አለ። ሳህኑን አዞርኩለት። 'ከየት አመጣኸው?' ብሎኝ የቀረውን በላ። እሱ እውነቱን ነው፤ አላየውም! ለዶክተሩ ነገርኩት። ሳቀብኝ።"

ረቢዓ ወረቀቱን ዘረጋችው፤ የይልቃል የፈረቃ መዝገብ ነው። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰሌዳ ላይ ስምንት የግፊት መለኪያዎች ተደርድረዋል፤ ባለፈረቃው በየሰዓቱ አንብቦ ስምንቱን ዓምድ መሙላት አለበት። በይልቃል ፈረቃ ቀኝ ያሉት አራቱ ዓምዶች ጥንቅቅ ብለው ተሞልተዋል። ግራ ያሉት አራቱ ባዶ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ። በዚያው በግራ ያለው ሞተር ግሎ ቧንቧ ፈንድቷል። አለቆቹ ታዲያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሦስት ሳምንት ወረቀቱን ሳያዩ የፈረሙት እነሱ፣ ሰካራም የተባለው እሱ!

ግን ረቢዓን ያደረቃት ይህ አልነበረም። ይህን ባዶ ታውቀዋለች። በዓይኗ አይታዋለች፣ እንዲያውም ስማዋለች።

ጓዳ ሮጠች። ከሩዙ ጆንያ ጀርባ የደበቀችውን የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ደብዳቤዎቹን በየወራቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። የኅዳሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቷል። የጥር ወሩ፣ አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል የጻፈላት፣ ከግራ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ትቷል። የመጋቢቱ አንድ መዳፍ። የሚያዝያው እኩሌታ።

አይ ረቢዓ! ያን ጊዜ ምን መሰላት መሰላችሁ? ኅዳር ላይ ይልቃል የዐረብኛ ፊደል አስተምሪኝ ብሏት ነበር። "አንድ ቀን አባትሽ ፊት መቅረቤ አይቀርም፤ በራሳቸው ፊደል ሰላም ልላቸው እፈልጋለሁ" ብሏት፣ በመጠቅለያ ወረቀት አሊፍና ባ እየጻፈች በጋሽ ጫኔ እጅ ትልክለት ነበር። ዐረብኛ ደግሞ ከቀኝ ነው የሚጀመረው። እና አማርኛው ከወረቀቱ መሀል እየጀመረ ወደ ቀኝ ሲጠጋ፣ ሞኝ ልቧ "ወደ እኔ ወገን መጣልኝ! ከቀኝ መጀመር ለመደልኝ!" አለ። ባዶውን ወረቀት የፍቅር ምልክት አድርጋ ከንፈሯ ላይ አኖረችው። በሽታውን ስትስም ከረመች።

"ያችን የመለስኩልህን ደብዳቤ ሰጠኸው?" አለችው ጓዳው በር ላይ ለቆመው ጋሽ ጫኔ።

ጫኔ እጁን ኪሱ ከተተ። "እንዴት ብዬ ልስጠው? አንጀቴ እንቢ አለኝ" ብሎ አወጣላት።

ከፈተችው። ወረቀቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቀኝ ጠርዙ ላይ ብቻ፣ ሦስት ጣት በማይሞላ ቦታ፣ ቃላቱ እየተቆራረጡ ከላይ እስከ ታች ወርደዋል። "ረቢ፣ ትናንት መንገድ ላይ ድምፅሽን ሰማሁ። ዞሬ ፈለግኩሽ፣ አጣሁሽ። የት ነበርሽ?"

ስምንት ቀን የረገመችው ሰው ስምንት ቀን ሲፈልጋት ኖሯል! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ረቢዓ ግን አላለቀሰችም። በራሷ ላይ የነደደችው ንዴት አቅጣጫውን ቀየረ። ሻርቧን አጥብቃ አሰረችና ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰቻቸው። ነገ ይህን ቆርቆሮ ሰው ፊት ከከፈተችው ስሟም፣ የአባቷም ስም እንደሚከፈት ታውቃለች። ፈራች። ፍርሃቷ ግን ከንዴቷ አነሰ።

የማርሳ በረዶ ፋብሪካ ክሊኒክ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የሚንቀጠቀጥ የአየር ማራገቢያ ነው። ሐሙስ ጧት ዶክተር ውድነህ ከሁለት የቢሮ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። ይልቃል ፊት ለፊታቸው ወንበር ላይ ነው፤ ሸሚዙ በአንድ በኩል ብቻ ሱሪው ውስጥ ገብቷል፣ ግራው ተዝረክርኳል። እንደዚያ ንጹሕ የነበረ ሰው! ረቢዓ በሩን ሳታንኳኳ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ያን ሸሚዝ ነው፤ ሄዳ ልታስተካክልለት እጇ ተነስቶ ነበር።

"እህት፣ ስብሰባ ላይ ነን" አለ ዶክተሩ።

"አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው ነው የመጣሁት። ሰካራም አይደለም። ታሟል።"

"ታሞ ነበር፤ ድኗል። ወረቀቱ ይኸውና" አለ ፋይሉን በጣቱ እየነካ። "ዕጢው ወጥቷል።"

"የጆሮው ወጥቷል። ይሄ ሌላ ነው!"

ዶክተሩ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞሮ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ! ሰው ቢሰድባችሁ ይሻላል እኮ። "ስሚ እህቴ" አለ፤ "በሕክምና አንድ ሕግ አለ። ለአንድ በሽተኛ አንድ በሽታ ነው የሚፈለገው። አንድ ጭንቅላት ሁለት ዓይነት ዕጢ አያበቅልም። በትምህርቴም በሥራዬም እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።"

"እርስዎ ያላዩት ሁሉ የለም ማለት ነው?" አለች ረቢዓ። ድምፅዋ ከበር ውጭ ተሰማ። "ይልቃልም ግራውን አያይም! ግራው ግን አለ!"

ከቢሮ ሰዎቹ አንዱ አፉን በመሐረብ ሸፈነ። ረቢዓ ቆርቆሮውን ከፈተችና ደብዳቤዎቹን በፋይሉ ላይ ደረደረች፤ ከጎናቸውም የፋብሪካውን ቅጽ። "ቀኑን ይዩ። ጆሮው ከታመመ ሦስት ዓመት አለፈው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ባዶው የመጣው ዘንድሮ ነው። የጆሮው ዕጢ ከተቆረጠለት በኋላ ደግሞ በመቆም ፈንታ ሰፋ። የወጣው ዕጢ ቢሆን ኖሮ ሲወጣ አይቆምም ነበር? እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን ያስፈልጋል?"

ዶክተር ውድነህ ፊቱ ቀላ። አንዱን ደብዳቤ አነሳ። ማንበብ ያለበት ባዶውን ነበር፤ እሱ ግን የተጻፈውን አነበበ። ጮክ ብሎ። "'ረቢ፣ ያንቺን ሳቅ ካልሰማሁ ግራ ጆሮዬም ሥራ ይፈታል...' እህህ! ይህ የሕክምና ማስረጃ መሆኑ ነው?"

እስኪ ፍረዱ! ሰው ለሰው በጆንያ ሥር ደብቆ የላከውን ቃል፣ ሳቅ ለመፍጠር! ይልቃል ከወንበሩ ብድግ አለ። "ዶክተር፣ እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ። የሷን ስም ግን አይንኩ" አለ። ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር፤ ግን የሚናገረው ወደ ባዶው ግድግዳ ዞሮ ነው። ዶክተሩ ያለው በግራው በኩል ነበርና ቦታውን ስቶታል። ረቢዓ ይህን ስታይ እፍረቷ ሁሉ ጠፋ።

በዚህ መሀል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሐጂ ሽኩር ናቸው። ልጃቸው ክሊኒክ ገብታ ጮኸች ብሎ ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ አሰብ ነዋ!

ዶክተሩ ዕድሉን አላሳለፈውም። "ደህና መጡ ሐጂ! ልጅዎ የፍቅር ደብዳቤዎቿን ይዛ ሕክምና ልታስተምረን መጥታለች። ይኸው፣ ይመልከቱት።"

ሐጂ ሽኩር ደብዳቤውን ተቀበሉ። ረቢዓ የአልጋውን ብረት ያዘች። አባቷ የሱቅ አማርኛ እንጂ የደብዳቤ አማርኛ ማንበብ አይሆንላቸውም። ግን አዩት። ዓይናቸው በቁርኣን ልማድ ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ ሄደና ባዶው ላይ ቆመ። ወደ ቀኝ ተመለሰ። እንደገና ባዶው ላይ ቆመ።

"ይሄ ዐረብኛ ነው?" አሉ።

"አማርኛ ነው አባባ።"

"አማርኛ ከሆነ ለምን ከዚህ ጀመረ?"

ያን ጧት በዚያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ረቢዓ "ይዩት አባባ" አለችና ይልቃልን ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ በግራ ጎኑ፣ ክንድ ርቀት ላይ፣ በድሮ ቦታዋ ቆመች። ሦስት ዓመት በመንገድ ላይ እንደምታደርገው ዝቅ አድርጋ "ደህና ነህ?" አለች።

ይልቃል ቀና አለ። ፊቱ በራ። "ረቢ?" አለና ወደ ቀኝ ዞረ። በዚያ በኩል ሰው የለም። ተነሳ። አሁንም ወደ ቀኝ ዞረ፤ መስኮቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ሐጂ ሽኩርን አይቶ በአክብሮት ጎንበስ አለ፤ ፍለጋውን ግን አላቆመም። "የት ነሽ? ድምፅሽን ሰምቻለሁ እኮ" አለ። ክፍሉን በሙሉ በቀኝ በኩል ዞሮ፣ ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ ፊቷ ጋ ደረሰ። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረች።

"አገኘሁሽ!" አለ፤ ዓይኑ ሳቀ።

ረቢዓ ያን ጊዜ አለቀሰች። አባቷ የልጃቸውን ፊት አዩ። ማየታቸውንም አወቀች።

ሐጂ ሽኩር ወደ ዶክተሩ ዞሩ። በከተማው ሰውን ሁሉ "እርስዎ" እያሉ የሚታወቁት ሰው "አንተ" አሉ። "አንተ ሰውዬ! የልጄን ጉዳይ ቤቴ ገብቼ እጨርሰዋለሁ፤ እሱ የኔ ነው። ይህን ልጅ ግን ሰካራም ብለህ ትፈርማለህ? እኔ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ይዣለሁ። ሚዛኑ ሲንጋደድ ሚዛኑን አያለሁ እንጂ ስኳሩን አልሰድብም። ዓይንህ እያየ? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ፊርማ አላህ ፊት ይዘህ አትቀርብም! ጻፍ። ቅዳሜ አውሮፕላን አለ። አዲስ አበባ ላከሙት ሐኪሞች መልሰህ ላከው ብዬሃለሁ።"

ዶክተር ውድነህ ላቡን ጠረገ። ብዕሩን አነሳ። እጁ እየከበደው ጻፈ።

"ይህ ወረቀት ሁሉ" አሉ ሐጂ ሽኩር በደብዳቤዎቹ ላይ በጣታቸው እያሳዩ፣ "አብሮ ይሂድ። እዚያ ለሚያነብ ሰው ይጠቅም ይሆናል። በእኔ ቤት ግን አንድ ሌሊት አያድርም።"

የረቢዓ ሦስት ዓመት በአንድ ቡናማ ፖስታ ታሸገ። ቅዳሜ አውሮፕላኑ በቤታቸው ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ከግቢ እንዳትወጣ ተከልክላ ነበር። አንገቷን ቀና አድርጋ እስኪጠፋ አየችው። በአባቷ ላይ መናደድ ፈልጋ ነበር። ግን ይልቃልን በሕይወት ወደ ሐኪም የላኩላት እሳቸው ናቸውና ንዴቷንም ምስጋናዋንም ሳትናገር ቀረች።

ሰኔ አለፈ። ሐምሌ ገባ። ጋሽ ጫኔ በረዶ ያመጣል፤ ከጆንያው ሥር ሰጋቱራ ብቻ። ሐጂ ሽኩር ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት ስለ ሩዝና ስለ ሳሙና ነው። እሷም እየመለሰች በሆዷ "ሞቶ ይሆን?" ትላለች። ሰው ለመሞት እንኳ የሚነገረው ዘመድ ይፈልጋል፤ እሷ ለይልቃል ምኑ ናት? ማን ብሎ ይነግራታል? ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንገበገባት።

በወሩ አጋማሽ አንድ ቀን ሐጂ ሽኩር ከፖስታ ቤት ተመልሰው ጓዳ ድረስ መጡ። ያው ቡናማ ፖስታ በእጃቸው ነው። ላዩ ላይ "ለወይዘሪት ረቢዓ፣ በሐጂ ሽኩር ሱቅ በኩል" ይላል። ከፍተውታል።

"አንብቢልኝ" አሉ፤ ቁጭ ብለው።

መጀመሪያ የቀዶ ሐኪሙ ደብዳቤ ነበረ። አጭር ነው። "ወይዘሪት፣ ይህን ማሳወቅ የሚገባን ለአንቺ ነው። በሽተኛችን ሁለት ዕጢ ነበረው። ጥር ላይ ያወጣነው ከጆሮው ነርቭ ልባስ የበቀለ ነው። ሁለተኛው ከአንጎሉ ሽፋን በቀኝ በኩል በቅሎ፣ የግራውን ዓለም የሚያይበትን ቦታ ተጭኖት ነበር። ዘራቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ካንዱ አልተወለደም። እንዲህ ባንድ ሰው ራስ ሲገናኙ እምብዛም አይታይም። እኛም አንዱን ስናገኝ ሌላውን መፈለግ አቁመን ነበር፤ ጥፋቱ የኛም ነው። ሁለተኛውም ወጥቷል፤ ክፉ ዓይነት አይደለም። ጥቂት ወር ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ወረቀቶችሽን መልሻለሁ።"

ረቢዓ ከዚህ በላይ ማንበብ አቃታት። ሐጂ ሽኩር "ሱብሓነላህ" አሉ። "ጥቂት ወር! ያ ሰውዬ ለመፈረም ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው።" ንዴታቸው ገና እንደ ትናንት ነበር። "ቀጥይ። ሌላም አለ።"

የይልቃል ወረቀት ነበር። በግራ ጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች በቀይ እርሳስ መስመር ተሰምሯል። እያንዳንዱ አረፍተ ነገር ከመስመሩ ተነስቷል፤ እየተጣመመ፣ እየተንገዳገደ፣ ግን ከመስመሩ!

"ረቢ፣ ግራዬ ገና በደንብ አልተመለሰም። ማንበብም መጻፍም ስጀምር ቀዩን መስመር እስካገኝ ወደ ግራ ሂድ ብለውኛል። ለመስመሩ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ረቢዓ ብዬዋለሁ። ሳላገኝሽ አልጀምርም። የት ነበርሽ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ለካ ከቦታሽ ንቅንቅ ብለሽ አታውቂም።"

በአባቷ ፊት ይህን ማንበቧ ትዝ ሲላት ወረቀቱን አጠፈችው። ሐጂ ሽኩር ግን እጃቸውን ዘረጉ።

"ከታች ያለውን አላነበብሽም።"

"የቱን?"

"ለኔ የተጻፈውን።"

ወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ ከቀኝ ጠርዝ ጀምሮ፣ እንደ ልጅ እጅ በሚንቀጠቀጥ የዐረብኛ ፊደል አንዲት መስመር ወደ ግራ ተጉዛለች። በሽታው አይደለም አሁን። ይልቃል ነው፤ አስቦ፣ ለፍቶ፣ እሷ በመጠቅለያ ወረቀት ባስተማረችው ፊደል። አንዱን ፊደል ዘሎታል፣ አንዱን ደግሞታል። አሰላሙ ዓለይኩም ይላል።

ሐጂ ሽኩር ከፖስታ ቤት ጀምሮ መንገዱን ሁሉ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። ፍቅሩንስ አላየሁም ቢሉ ያምርባቸዋል፤ ደብዳቤውንም ቀደው ቢጥሉት አባት ናቸው። ሰላምታ ግን ሰላምታ ነው። የመጣለት ሰው ዝም ሊለው አይችልም። ይህን ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው፤ ገና ልጅ ሳለች፣ ኩርፊያዋን ይዛ "ለወንድሜ ሰላም አልመልስም" ስትል ጆሮዋን ቆንጥጠው።

መቁጠሪያቸውን አዞሩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ ልጃቸውንም ሳያዩ፣ በቁጣ ድምፅ "ወዓለይኩም ሰላም" አሉ።

ረቢዓ ቀና ብላ አፍጥጣ አየቻቸው።

"ምን ታዪኛለሽ?" አሉ ሐጂ ሽኩር እየተነሱ። "በአፍ ያልኩት አዲስ አበባ አይሰማ። ጻፊለት እንጂ! አባቴ መልሷል በይው። ደግሞም ከዛሬ ጀምሮ በጆንያ ሥር ተጠቅልሎ እንዳይመጣ፤ የሚለው ነገር ካለው እግሩ ሲጠና በበሩ ይግባ።"

መጋረጃውን ገልጠው ወደ ሱቁ ወጡ። ረቢዓ ወረቀት አነሳች፤ እስክሪብቶ አነሳች። እንባዋ እያስቸገራት በግራው ጠርዝ ላይ፣ በጣም ጠርዙ ላይ፣ "እዚህ ነኝ" ብላ ጀመረች።